አምስት ደብዳቤ ለአንድ ሰው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰው ሲናገረው አንገቴን ከመነቅነቅ በቀር ግን ብዙም አስቤበት አላውቅም ነበር። በደንብ የገባኝ በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ለአፓረንትሺፕ በተመደብኩበት የአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። አስተማሪዬም መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት እናት በፌስታል ይዘዋቸው የመጡ አምስት ደብዳቤዎች ነበሩ። የከተማውንም ሆነ የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለሆነ የሌላውን ስም ማንሣት ተገቢ አይመስለኝም።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የኮምፒውተር ነው ብላችሁ ገጹን ቶሎ እንዳትገልጡት። ኮምፒውተር አለበት፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሰው ነው።

የተመደብኩት ሒሳብ ክፍል ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ አንዲት ገንዘብ ያዥና ማኅተም የሚመቱ አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ይሠራሉ። ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ የተጫነበትም ኦፊስ 2010 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፋይል ሳስቀምጥና ደረሰኝ ስለጥፍ አሳለፍኩ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዳታቤዝ ተምሬያለሁ፤ በኤክሴል ፈተና ከክፍላችን ጥሩ ውጤት ካመጡት አንዷ ነኝ። «ታዲያ እዚህ የመጣሁት ማጣበቂያ ልቀባ ነው?» እያልኩ ለጓደኞቼ አማርር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኃላፊዋ ጠሩኝና የውዝፍ ሒሳብ ዝርዝር አሳዩኝ። አንድ ቢል ሰብሳቢ ሥራ ለቆ ቦታው ለወራት ባዶ ስለቆየ በሁለት ቀበሌዎች ያልተከፈለ ሒሳብ ተከማችቷል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መድረስ አለበት። ቀደም ሲል ይህ ሥራ የሚሠራው ደብዳቤውን ዎርድ ላይ ከፍቶ፣ ስሙንና ብሩን አጥፍቶ የሚቀጥለውን ሰው እየጻፉ፣ አንድ በአንድ በማተም ነበር። ጸሐፊዋ «ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል» አሉ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

ለማያውቀው ሰው፣ ሜይል መርጅ የሚባለው ዘዴ እንዲህ ነው። ደብዳቤውን ዎርድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፋላችሁ። ስም፣ የደንበኛ ቁጥር፣ ወር፣ የብር መጠን በሚገቡበት ቦታ ላይ እውነተኛውን ቃል ሳይሆን የኤክሴሉን ዓምድ መጠሪያ ታስገባላችሁ። ከዚያ ዎርድ ኤክሴሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ደብዳቤ ያዘጋጃል። አንድ ረድፍ፣ አንድ ደብዳቤ። ይቺን አባባል ልብ በሉልኝ፤ የታሪኩ ጣጣ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ዝርዝሩ 612 ረድፎች ነበሩት። እኔም ዓምዶቹን አስተካክዬ፣ ደብዳቤውን ከድሮው ፋይል ገልብጬ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ማተም ጀመርኩ። ፕሪንተሩ ሲንጫጫ ዋለ፤ እኔም እንደ ወታደር ማርሽ ነበር የምሰማው። አንድ ሙሉ ፓኬት ወረቀት አልቆ ከሁለተኛው 112 ወረቀት ወጣ። ጸሐፊዋ ማኅተም እየመቱ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ሴትዮ አሁን አልመታኋትም?» ብለው ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ሳላይ «ወሩ ሌላ ነው እትዬ፤ ይምቱት» አልኳቸው። እሳቸውም መቱት። ያቺን ጥያቄ ዛሬም አልረሳትም። እኔ ዳታቤዝ የተማርኩት ያላየሁትን እሳቸው በማኅተም አይተውት ነበር።

መጋቢት 5 ቀን ደብዳቤዎቹ በተላላኪ ወጡ። ኃላፊዋ «ጎበዝ» አሉኝ። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ክፍላችን ገቡ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ እንደሆነ ያስታውቃል። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ምን እንታዘዝ?»

«ልጄ፣ ትናንት መጥታችሁ ውኃዬን ቆረጣችሁብኝ። እኔ እኮ ከፍያለሁ።»

ፌስታሉን ፈተው ደረሰኝ አወጡ። እውነትም ከፍለዋል፤ ብር 91.80፣ የታኅሣሥ ወር። ቀጥለው ደብዳቤዎቹን አወጡ። አምስት ናቸው። አምስቱም ማኅተም አላቸው፤ አምስቱም «ጉዳዩ፦ ውዝፍ የውኃ ሒሳብን ይመለከታል» ብለው ይጀምራሉ፤ አምስቱም በ7 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ ውኃው እንደሚቋረጥ ያስጠነቅቃሉ። ልዩነታቸው አራተኛው መስመር ላይ ያለው ወርና ብር ብቻ ነው።

እማማ ማንበብ አይችሉም። የጎረቤት ልጅ ከላይ ያለውን ደብዳቤ አነበበላቸው። የቀሩትንም አገላብጦ አያቸውና «ያው ናቸው እማማ፣ አንድ ዓይነት ናቸው» አላቸው። በልጁ አልፈርድም፤ ከላይ እስከ ታች ሲያዩዋቸው በእርግጥም አንድ ዓይነት ናቸው። እሳቸውም ግልባጭ መስሏቸው የመጀመሪያውን ከፍለው በሰላም ተቀመጡ። ሰባቱ ቀን ሲያልፍ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛው የአራት ወር ሒሳብ እንዳልተከፈለ የሚያሳይ ዝርዝር ይዞ ሄዶ ቆረጠባቸው።

«አሁን አምስት ጊዜ ነው የምትቆርጡብኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ሜይል መርጅ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ! «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ወር ለየብቻ ነው የሚያወጣው» አልኳቸው። ኃላፊዋ እማማን ወደ ሥራ አስኪያጁ ካስገቧቸው በኋላ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። አልጮሁብኝም። «ኮምፒውተሩ እሳቸውን አያውቃቸውም። አንቺም ሳታውቂያቸው ነው የጻፍሽላቸው» አሉኝና ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደረሰኞቹን ማገላበጥ ጀመርን። በዚያ ሳምንት ውኃቸው ከተቆረጠ 23 ደንበኞች መካከል 9ኙ አንድ ወር ብቻ ከፍለው የነበሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ሁለቱ ያን ቀን ስልክ ሲደወልላቸው የነገሩን ልክ እንደ እማማ ነው፤ «ያው አንድ ደብዳቤ ደጋግማችሁ የላካችሁ መስሎን»። እንግዲህ ሰዎቹ አንከፍልም አላሉም። ያልገባቸውን ነገር ነው ያልከፈሉት። ያልገባቸውም እኔ አንዱን ሰው አምስት ቦታ ስለቆራረጥኩት ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክፍል ውስጥ የተማርነው ትዝ አለኝ። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን በሠንጠረዥ የመያዝን ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ እኛ ተማሪዎች «አንድ ለብዙ» የሚለውን ዝምድና ስንሸመድድ ኖረናል። አንድ ደንበኛ፣ ብዙ ቢል። ፈተና ላይ ስላችሁ አሳዩ ብንባል ሁለት ሳጥን ስለን በመስመር እናገናኛለን፤ ሙሉ ማርክም እናገኛለን። እኔ ግን ያንን ሥዕል ከፈተናው ወረቀት አውጥቼ ከፊቴ ካለው ኤክሴል ጋር አላገናኘሁትም። የኤክሴሉ ረድፍ ቢል ነው። ደብዳቤው ደግሞ የሚጻፈው ለሰው ነው። ዎርድ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ረድፍ ባየ ቁጥር አዲስ ሰው ይመስለዋል። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ኃላፊዋን «እንደገና ልሥራው» ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ፈቀዱ፤ ግን አንድ ነገር አዘዙኝ። «አንድም ወረቀት ከመታተሙ በፊት የዝርዝሩን ጠቅላላ ብር ጻፊ። ስትጨርሺ የደብዳቤዎቹን ጠቅላላ ብር ደምሪ። ሁለቱ በሳንቲም እንኳ ከተለያዩ አታትሚ።» የከፈሉት ሰዎች ረድፍ ከወጣ በኋላ 541 ረድፍ ቀረ፤ ጠቅላላው ብር 66,742.30 ነበር። ይቺን ቁጥር በቢጫ ወረቀት ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፍኳት።

መጀመሪያ ሰዎቹን በስማቸው ላሰባስባቸው ሞከርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼኔ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለሆነ፣ የአያት ስም ካልተጻፈ በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ማግኘት ቀላል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ስም ብቻ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ የሁለት ቀበሌ ነዋሪ ሆና አየኋት። ሳጣራ አንደኛዋ ምግብ ቤት ያላት ነጋዴ ናት፤ ሌላዋ በጡረታ የምትኖር መምህር። ያንን ደብዳቤ ብልከው ኖሮ የምግብ ቤቱ ዕዳ መምህሯ ቤት ሊገባ ነበር።

በዚያ ላይ የፊደላችን ጉዳይ አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ሠናይት በንጉሡ ሠ እና ሰናይት በእሳቱ ሰ፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ። መስከረም ላይ አንዱ ሠራተኛ በአንድ ፊደል ይመዘግባል፤ ጥር ላይ ሌላው በሌላ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደልም የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽረው ያንን ቁጥር እንጂ ድምፁን አይደለም። ስለዚህ ስም አንዱን ሰው ለሦስት ይከፍላል፣ ሁለቱን ሰው ደግሞ አንድ ያደርጋል። ስም ለመጥሪያ ነው እንጂ ለማሰባሰቢያ አይሆንም።

ወደ ደንበኛ ቁጥር ዞርኩ። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ለሚጠቅመው ሰው በዝርዝር ልጻፈው። በመጀመሪያ ዝርዝሩ በደንበኛ ቁጥር፣ ቀጥሎም በወር ይደረደራል። ከዚያ አንድ አዲስ ዓምድ ይከፈትና ኢፍ በሚባለው ቀመር እንዲህ ይታዘዛል፤ «የዚህ ረድፍ የደንበኛ ቁጥር ከላይኛው ጋር አንድ ከሆነ ከላይ የተጠራቀመውን ጽሑፍ ያዝና የዚህን ወርና ብር ጨምርበት፤ አንድ ካልሆነ ከዚህ ጀምር።» እንዲህ ሲሆን የእያንዳንዱ ደንበኛ የመጨረሻ ረድፍ የወራቱን ሁሉ ዝርዝር ይዞ ይገኛል። ሁለተኛ ዓምድ ደግሞ የሚቀጥለው ረድፍ የሌላ ደንበኛ ከሆነ «ላክ»፣ ካልሆነ «ተው» ይላል። ጠቅላላ ብሩን ሰም ኢፍ የሚባለው ቀመር ይደምራል። ዎርድ ላይ «ላክ» የሚሉትን ብቻ ማጣራት ነው፤ አለቀ። ኤክሴል 2019 ያለው ሰው ቴክስት ጆይን በሚባለው ቀመር ሥራውን ሊያሳጥረው ይችላል፤ እኛ ያለን ግን የ2010ሩ ነበር። ዎርድም ራሱ ዳይሬክተሪ የሚባል አማራጭ አለው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ አዲስ ገጽ ሳይከፍት ያከታትላል። ነገር ግን ለደብዳቤ ሲሆን ጣጣው ይበዛል። እኔ ኤክሴሉ ላይ መጨረሱን መረጥኩ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን አራት ቦታ ላይ አደናቀፈኝ።

አንደኛ፣ ወራቱ። ኤክሴል የወራትን ስም የደረደረልኝ በፊደል ተራ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር መሆን ያለበት ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥር፣ ጥቅምት ሆኖ ቁጭ አለ። እማማ ደብዳቤ ላይ ታኅሣሥ ከሁሉ በላይ የነበረው ለካ ለዚህ ነው! ስለዚህ ዓመቱንና የወሩን ተራ አጣምሬ ቁጥር ሰጠሁ፤ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. 201602፣ የካቲት 201606 እያልኩ። ከዚያ ወዲያ ተራቸውን ያዙ።

ሁለተኛ፣ የደንበኛ ቁጥሩ ራሱ። 181 ደብዳቤ ወጣልኝ። ጠቅላላ ብሩን ስደምር ግን 69,918.80 ሆነ። ቢጫዋን ወረቀት አየኋት፤ 66,742.30 ትላለች። ብር 3,176.50 ከየት መጣ? ግማሽ ቀን ፈለግሁ። ለካ አንዳንዱ ደንበኛ በአንዱ ወር 00417 ተብሎ በጽሑፍ መልክ፣ በሌላው ወር 417 ተብሎ በቁጥር መልክ ተመዝግቧል። ኢፍ ሁለቱን ሲያነጻጽር የተለያዩ ናቸው ብሎ ይለያቸዋል፤ ሰም ኢፍ ደግሞ አንድ ናቸው ብሎ ይደምራቸዋል። ስለዚህ ያ ደንበኛ ሁለት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በሁለቱም ላይ ሙሉው ዕዳ ተጽፏል። ሁሉንም ቁጥር ባለ አምስት አኃዝ ጽሑፍ አድርጌ ሳስተካክል ደብዳቤው 169 ሆነ፤ ብሩም 66,742.30። ወንበሬ ላይ ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛ፣ ሳንቲሙ። ኤክሴል ላይ 334.80 ሆኖ የሚታየው ዎርድ ላይ 334.8 ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱ ድምር ደግሞ ከነጥብ በኋላ አሥራ ምናምን አኃዝ ተከትሎት ይወጣል። ዎርድ የሚወስደው የሚታየውን ሳይሆን ከሥር የተቀመጠውን ቁጥር ነው። ይህንንም ቴክስት በሚባለው ቀመር ሁለት የሳንቲም ቤት ሰጥቼ ወደ ጽሑፍ ቀየርኩት።

አራተኛው ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ድምፅ ስለማያሰማ። አንድ የ14 ወር ውዝፍ ያለበት ደንበኛ ነበር፤ ከጥር 2015 እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም.። ኃላፊዋ እንደልማዳቸው ከታተሙት ናሙናዎች አንዱን አንሥተው ወራቱን በካልኩሌተር ሲደምሩ ከጠቅላላው ጋር አልገጠመም። ዝርዝሩ አሥራ አንደኛው ወር መሀል ላይ ተቆርጧል። ዎርድ ኤክሴሉን ሲከፍት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች አይቶ ዓምዱ ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚይዝ ይገምታል። እነሱ አጫጭር ከሆኑ ከ255 ፊደል በላይ የሆነውን ይቆርጣል፤ ስሕተት አለ ብሎም አይናገርም። መፍትሔው ረጅም ዝርዝር ያላቸውን ደንበኞች ወደ ላይ ማምጣት ነው። የተስተካከለውን ዝርዝር ወደ ሌላ ገጽ በዋጋው ብቻ ገልብጬ በርዝመቱ ደረደርኩት፤ ያን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ያለ ኃላፊዋ ካልኩሌተር ግን አላገኘውም ነበር።

ኤክሴሉ ካለቀ በኋላ ወደ ደብዳቤው ተመለስኩ። የድሮው ደብዳቤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ጀምሮ፣ ደንብ ጠቅሶ፣ ገንዘቡን አራተኛው መስመር ላይ ይደብቀዋል። እኔ ግን የጎረቤቱን ልጅ አሰብኩት። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብሎ የሚያነበው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ ሊሰለቸውም ይችላል። ስለዚህ ኃላፊዋን አስፈቅጄ መግቢያውን እንዲህ አደረግሁት፤ «የ4 ወር የውኃ ሒሳብ አልከፈሉም። በድምሩ ብር 334.80 ይፈለግብዎታል። የየወሩ ዝርዝር ከዚህ በታች ተጽፏል። በዚህ ዙር የሚደርስዎት ደብዳቤ ይህ አንድ ብቻ ነው።» የወሩና የብሩ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሰው ረድፍ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ደንቡ ከታች ይጠቀስ አሉ፤ ተጠቀሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል የእማማ ውኃ እንደተቆረጠ ነበር። ደንቡ የተቆረጠ ውኃ ለማስቀጠል የማስቀጠያ ክፍያ ይጠይቃል። ኃላፊዋ ስሕተቱ ከደብዳቤው አላላክ የመጣ መሆኑን ገልጸው ለዘጠኙም ደንበኞች ማስታወሻ ጻፉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቀን አሰቡበትና ያለ ማስቀጠያ ክፍያ እንዲቀጠል፣ ቀሪውም በሁለት ጊዜ እንዲከፈል ፈረሙ። ለተከራየሁበት ቤት የእማማ ሰፈር መንገዴ ላይ ነበር። አንድ ማታ ከጎረቤት ቦኖ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየጎተቱ አገኘኋቸውና ተቀበልኳቸው። ሃያ ኪሎ መሆኑን ከመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ ትከሻዬ ግን ያን ማታ ነው ያወቀው። በመንገዳችን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። «አንቺ ደግሞ ትምህርቱ ይበርታብሽ እንጂ ምን አደረግሽ» ነበር ያሉኝ። ይኼ ደግሞ ከወቀሳው በላይ አሳፈረኝ።

169ኙ ደብዳቤዎች ታተሙ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን ሲመቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሲጨርሱ የእጃቸውን አንጓ እያሹ «በፊት ይሄን ያህል ደንበኛ ብቻ ነው ያለን ብትይኝ ኖሮ» ብለው ሳቁብኝ። የሚያስደንቀው፣ የድሮው የሁለት ሳምንት ዘዴ ያስቸግር የነበረ ቢሆንም እንዲህ ያለ ስሕተት አልነበረበትም። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ሲጽፉ የአንድን ሰው ስም ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኙ ወደ መጀመሪያው ደብዳቤ ተመልሰው ወሩን ይጨምሩበት ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው ለሰው ሲጽፍ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ሥራውን ወደ ማሽን ስናዛውር ይህን ያልተጻፈ እውቀት አብረን ካላዛወርነው፣ ያፈጠንነው ሥራውን ሳይሆን ስሕተቱን ነው።

አፓረንትሺፑን ከመጨረሴ በፊት እማማ የመጀመሪያውን ክፍያ ሊከፍሉ መጡ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ይዘውታል። ገንዘብ ያዧ መስኮት ላይ ዘረጉትና «ልጁ አነበበልኝ፤ የአራት ወር ነው አይደል? ዛሬ ግማሹን፣ ለፋሲካ ማግሥት ግማሹን» አሉ። ብር 167.40 ቆጥረው ሰጡ። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይኼስ አንድ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ካገኘሁት ማርክ ሁሉ ያቺን አነጋገር አስበልጣታለሁ።

የዚህ ዲፓርትመንት ታናናሾቼ ሆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት እናንተም ወደየመሥሪያ ቤቱ ትበተናላችሁ። ሰው የሚያደንቃችሁ በፍጥነታችሁ ነው፤ ያ ደግሞ ደስ ይላል። እኔ የምመክራችሁ ግን ይህን ነው። «ማተም» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ፊታችሁ ያለው ረድፍ ምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሰው ነው፣ ቢል ነው፣ ወር ነው? ሰዎችን በስማቸው ሳይሆን በማይለወጥ ቁጥራቸው አሰባስቧቸው። ከመነሣታችሁ በፊት ጠቅላላውን ጻፉ፤ ስትጨርሱም ከዚያው ጋር አስተያዩት። ከታተመው መሀል አንዱን አንሥታችሁ በእጃችሁ ደምሩት። ማኅተም የሚመቱት እትዬ «ይቺን ሴትዮ አሁን አልመታኋትም?» ካሏችሁ ደግሞ ቀና በሉና እዩ።